ነጠላና ስኪ በአንድ ባቡር

ኖርዌጂያን አውቶቡስ ውስጥ አጠገብህ አይቀመጥም። ሌላ ባዶ ወንበር እያለ አንተ አጠገቡ ብትቀመጥ ደግሞ የምትሸጥለት ነገር ያለህ ይመስለዋል። ጎረቤትህ ደረጃው ላይ ኮቴህን ከሰማ፣ እስክታልፍ ድረስ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን በራሳቸው ላይ እየቀለዱ የሚያወሩት እነሱው ናቸው። ያንኑ ሰው እሑድ ዕለት ጫካ ውስጥ አግኘው። ከሩቅ ፈገግ ብሎ "ሃይ ሃይ!" ይልሃል። በረዶው እንዴት እንደሆነ፣ ከፊትህ ያለው መንገድ ጭቃ ይኑረው አይኑረው፣ ዋፍል የሚሸጠው ቤት ክፍት መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቀው ይነግርሃል። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስትገናኙ ግን አያውቅህም።

ኦስሎ መኖር ከጀመርኩ ጀምሮ ይህ ነገር ሲገርመኝ ኖሯል። የምጠይቃቸው ሁሉ የሚሰጡኝ መልስ ያው ነው። "ደማችን ውስጥ ነው" ይላሉ። ስኪ፣ ያ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ሳንቃ፣ እግራችን ላይ ታስሮ ነው የተወለድነው የሚል አባባልም አላቸው። እኔ ግን በደም ጉዳይ አላምንም። እዚህ በቆየሁ ቁጥር የማየው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሕዝብ ጫካ የለመደው ሕግ ስለወጣለት፣ ባቡር ስለተዘረጋለት፣ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ድንጋይ ላይ ቀለም እየቀቡ መንገድ ስላሳዩት ነው። ፍሪሉፍትስሊቭ የሚሉት ከቤት ውጭ የመኖር ባህል የተሠራ ነገር ነው። የተሠራ ነገር ደግሞ የማንንም ደም አይጠይቅም።

ከኖርዌጂያኖቹ በፊት ግን የእኛን ወገን ላውራ። ባደግንበት አገር ጫካ የሚገባ ሰው ወይ ሸፍቷል፣ ወይ መንኗል፣ ወይ እንጨት ለቀማ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱትን እናቶች እያየ ያደገ ሰው "ለመዝናናት ጫካ ልሂድ" የሚል ሐሳብ በቀላሉ አይመጣለትም። የእግር መንገድም እንደዚሁ ነው። በእግሩ የሚሄድ የታክሲ ያጣ ሰው ነው። መድረሻ የሌለው የእግር መንገድ ደግሞ ጭራሽ ስም የለውም።

እዚሁ ኦስሎ አውቶቡስ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ሰሜን ሸዋ ተወልዶ ልጅነቱን በእረኝነት ያሳለፈ ሰው ነው። እሑድ ጫካ እንሂድ ባልኩት ቁጥር እንከራከራለን።

"አንተ ሰውዬ ደህና ነህ? እኔ እኮ ከዚያ ለማምለጥ ነው የተማርኩት።"

"ለጤና ጥሩ ነው ብዬ ነው።"

"ዝናብ እየወረደብኝ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። የጤናውን ድርሻዬን ያኔ ጨርሻለሁ። አሁን ሶፋዬ ላይ ተወኝ።"

ይህ መልስ ለቀልድ ብቻ የተነገረ አይደለም። ዝናብና ብርድ ደስ የሚሉት ተመልሶ የሚገባበት ሞቃት ቤት ላለው ሰው ነው። የኖርዌጂያኖቹም አያቶች ቢሆኑ እንደ ጓደኛዬ ነበሩ። ተራራ የሚወጡት ሣር ሊያጭዱ፣ ከብት ሊያሰማሩ፣ ሊያድኑ ነበር። "ዕይታው ደስ ስለሚል" ብሎ ተራራ መውጣትን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት የእንግሊዝ መኳንንትና የከተማ ሀብታሞች ናቸው። የኖርዌይን የተጓዦች ማኅበር በ1868 ያቋቋመው ቶማስ ሄፍትዬ ራሱ የባንክ ሰው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የተራራው ገበሬ እነዚህን ባለ ምርኩዝ ከተሜዎች መጀመሪያ ሲያያቸው ያሰበው፣ ጓደኛዬ እኔን ሲያየኝ ከሚያስበው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ታዲያ የሀብታም ጨዋታ የነበረው ነገር እንዴት የአናጢውም፣ የነርሷም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም ሆነ?

አንዱ መልስ ሰዓት ነው። የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ኖርዌይ ውስጥ ሕግ የሆነው በ1919 ነው። በ1947 ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ በዓመት የሦስት ሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ ተደነገገ። ዛሬ ኦስሎ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ቢሮው ባዶ ነው። አለቃህ ቀድሞህ ወጥቷል። ያለ ትርፍ ሰዓት ተፈጥሮ መውደድ አይቻልም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወገናችን እሑድ ቀን ለምን እንደሚተኛ የማይገባው ኖርዌጂያን ሲያጋጥመኝ ይህንኑ ነው የምነግረው።

ሁለተኛው መልስ መሬት ነው። ይህ የእኔ የፍቅር ርዕስ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በሰኔ 1957 ኖርዌይ አንድ ሕግ አወጣች። ያልታረሰ መሬት ላይ፣ ደን ይሁን ተራራ ወይም የባሕር ዳርቻ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ማንኛውም ሰው በእግሩም በስኪውም መሄድ ይችላል። ባለመሬቱን ማስፈቀድ የለብህም። እሱም ሊያባርርህ አይችልም። ድንኳን ተክለህ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር ትችላለህ፤ ራቅ ያለ ተራራ ላይ ከሆንክ ከዚያም በላይ። ሰው ከሚኖርበት ቤት ግን ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለብህ። እንጉዳይና የጫካ ፍሬ መልቀም ይፈቀዳል። የታረሰ መሬት ላይ የሚኬደው በብርዱ ወራት፣ አፈሩ በረዶ ሲሆን ብቻ ነው። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥና አጠገቡ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ሕጉ ብዙ ዝርዝር አለው፣ መንፈሱ ግን ቀላል ነው። መሬቱ የባለቤቱ ነው፣ ማለፍ ግን የሁሉም ነው።

"መሬት ላራሹ" ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ይህን ሕግ መጀመሪያ ሳነበው ለራሴ "መሬት ለተራማጁ!" ብዬ ሳቅኩ። የዚያ ዘመን ተራማጆች ይቅር ይበሉኝ።

ስዊድኖች ይህንኑ መብት በ1994 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገብተውታል። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በአጭሩ ነው፦ አትረብሽ፣ አታበላሽ። ዴንማርክ ግን ይለያል። አገሩ ሜዳና እርሻ ስለሆነ ሕጉም ጠበብ ያለ ነው። በግል ደን ውስጥ ከተሠራው መንገድ መውጣት አይፈቀድም። ስለዚህ "ስካንዲኔቪያውያን" ብለን አንድ ላይ ስንጠቀልላቸው ዴንማርካዊው ትንሽ ይጎረብጠዋል።

መስከረም ላይ ይህ መብት በዓይን ይታያል። ባቡሩ ቅርጫት በያዙ ሰዎች ይሞላል። ቢጫውን እንጉዳይ ፍለጋ ነው። የሚያገኙበትን ቦታ ለወንድማቸው እንኳ አይናገሩም። እሑድ ከሰዓት ጫካው መውጫ ላይ እንጉዳይ የሚያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የለቀምከውን አንድ በአንድ አይተው መርዘኛውን ይለዩልሃል። በነፃ ነው። እኛ የጅብ ጥላ ብለን የምንሸሸውን ነገር እነሱ በቅቤ ጠብሰው ዳቦ ላይ ያደርጉታል። እኔም ዛሬ እበላለሁ፣ ያውም የተረፈውን ጠርጌ።

የእኛ ደን የተረፈው በሌላ መንገድ ነው። ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው ያውቀዋል። በእርሻው መካከል እንደ ክብ የቆመ አረንጓዴ ካየህ፣ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ያን ዛፍ ያተረፈው ፍርሃትና አክብሮት ነው። ማንም ገብቶ አይቆርጥም፣ አይጨፍርም። እዚህ ደግሞ ጫካውን ያቆየው ሰው ሁሉ መግባቱ ነው። በየሳምንቱ የሚሄድበትን ጫካ ሊቆርጡበት ሲመጡ ሰው ይጮኻል።

የኦስሎ ሰው በእርግጥም ጮኾ ያውቃል። ከኦስሎ ማዘጋጃ ቤት መሬት ሁለት ሦስተኛው ያህል ደን ነው። ዋና ከተማ መሆኑን አትርሱ። ቤት ውድ ነው፣ ቦታ ጠፍቷል፣ አልሚው ምራቁን እየዋጠ ያንን ደን ያያል። በ2009 የወጣ ልዩ ሕግ ግን የጫካውን ድንበር አስምሮ ግንባታን ከልክሎታል። ወደዚያ የሚወስድህ የከተማው ባቡር ነው። አንድ ቁጥርን ከመሃል ከተማ ይዘህ ዳገቱን ስትወጣ ፍሮግነርሴተረን ላይ ያቆማል። ከባሕር ወለል 469 ሜትር ከፍታ ላይ ነህ። ከባቡሩ ወርደህ ስኪህን ታስራለህ፣ ጫካው ይጀምራል። የስኪውን መንገድ በማሽን የሚያስተካክል ከ1883 ጀምሮ ያለ ማኅበር አለ። ማታ ከሥራ በኋላ ለሚመጣውም መብራት ተዘርግቷል። ሰው በኖቬምበር ጨለማ፣ ከሥራ በኋላ፣ መብራት ተከትሎ ጫካ ውስጥ ሲሮጥ ማየት ለእኔ አሁንም ትንሽ ያስቀኛል።

እሑድ ጠዋት የዚያ ባቡር ትዕይንት ደስ ይለኛል። በአንድ በኩል ነጠላ ያጣፉ እናቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ወይም ወደዚያው እየሄዱ ነው። በሌላ በኩል ስኪ ያቀፈ፣ ቀይ ካልሲ እስከ ጉልበቱ የሳበ ሽማግሌ። ሁለቱም በማለዳ ተነስተዋል፣ ሁለቱም ለሰዓታት ሊቆሙ ነው፣ ሁለቱም ሌላውን "ምን ሆኖ ነው?" በሚል ዓይን ያዩታል። በተለይ በፋሲካ ሰሞን። እኛ ጾሙን አጋምሰን፣ ስግደት ላይ ጉልበታችን ሲላጥ፣ እነሱ የስቅለት ሳምንትን ተራራ ላይ በረዶ ቆፍረው፣ ብርቱካን እየላጡና የወንጀል ልብ ወለድ እያነበቡ ያሳልፉታል። ክቪክ ሉንሽ የሚባል ቸኮሌት አለ፣ ከ1937 ጀምሮ ያለ። ያለ እሱ ፋሲካ ፋሲካ አይመስላቸውም። የሚያስቀው ከመጠቅለያው ውስጥ በኩል የተጻፈው ነገር ነው፦ ተራራ ላይ እንዳትሞት የሚያደርግ ምክር።

ምክሩ ታሪክ አለው። በ1967 የፋሲካ ሰሞን ኖርዌይ ተራሮች ላይ 18 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ቀይ መስቀልና የተጓዦች ማኅበሩ የተራራ ሕጎች የሚባሉትን በዘመቻ መልክ አገር ለአገር አሰራጩ። ዘጠኝ ናቸው። ዛሬ ማንኛውም ልጅ በቃሉ ይልልሃል። ስምንተኛው በጊዜ ተመለስ ይላል፤ መመለስ አያሳፍርም። እኛ "ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የለም!" በሚል መፈክር ለተቀረጽን ሰዎች ይህ ከባድ ትምህርት ነው። አንድ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተራራ ስንወጣ ጉም ወረደ። ጫፉ ቅርብ ነበር። መሪያችን ቆመች፣ ሰማዩን አየች፣ "እንመለስ" አለች። ማንም አልተከራከረም፣ ማንም አላጉረመረመም። ወረድን፣ ሾርባ ጠጣን፣ ቀኑ ጥሩ ነበር ተባለ።

ያደርነው የተጓዦች ማኅበሩ ጎጆ ውስጥ ነበር። ማኅበሩ ዛሬ ከ300,000 በላይ አባላት፣ ከ500 በላይ ጎጆዎች አሉት። አንዳንዶቹ ምግብ የሚያበስል ሠራተኛ አላቸው። ብዙዎቹ ግን ሰው የለባቸውም። የማኅበሩ አባል ስትሆን ቁልፍ ትይዛለህ፣ ያ አንድ ቁልፍ ከደቡብ እስከ ሰሜን ብዙውን በር ይከፍታል። ገብተህ እንጨት ትፈልጣለህ፣ ምድጃ ታነዳለህ፣ ውሃ ትቀዳለህ ወይም በረዶ ታቀልጣለህ። ጓዳው ውስጥ የቆርቆሮ ምግብ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቡና፣ ስኳር ተደርድሯል። የበላኸውን ራስህ ትመዘግባለህ፣ ሒሳቡን ራስህ ትከፍላለህ። ስትወጣ ወለሉን ትወለውላለህ። የሚያይህ የለም። ያን ዕለት ካሜራው የት ነው ብዬ ጣሪያውን የቃኘሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሞልቶ ቢሆንስ? በማኅበሩ ልማድ ደክሞ በር ላይ የደረሰ ሰው አይመለስም። ወለል ላይ ፍራሽ ይነጠፍለታል። አያቴ ይህን ብትሰማ ምንም አይገርማትም ነበር። የእግዜር እንግዳ ነዋ።

ከጎጆ ጎጆ የሚያደርሱት መንገዶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማሉ። ምልክታቸው ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የላቲን "ቲ" ፊደል ነው። ጉም ውስጥ ያንን ቀይ ነገር ስታይ የሚሰማህን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል። ቀለሙን የሚቀቡት፣ ድልድዩን የሚጠግኑት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጡረተኛ፣ ተማሪ፣ ጠበቃ፣ ባልዲ ይዞ ይወጣል። ደቦ ነው። ጠላው ብቻ ነው የቀረው፣ በእሱ ፈንታ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና አለ። ደም ውስጥ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ቀለም መቀባት ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሥራው የሚጀመረው እዚያ ነው።

ልጃችን ሲወለድ አማቴ ለማረስ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። በእኛ ወግ አራስና ሕፃን እስከ ክርስትናው ከቤት አይወጡም፤ በሩ ሲከፈት እንኳ መጋረጃ ይጋረዳል። እዚህ ደግሞ የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ልጁን በጋሪ ይዛችሁ ውጡ፣ አየር ያስፈልገዋል" ትላለች። ልጁ ትንሽ ጠንከር ካለ በኋላ በረንዳ ላይ ጋሪ ውስጥ ማስተኛት ጀመርን። እዚህ የሚወለድ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው የሚተኛው። ዲሴምበር ነበር። አማቴ በመስኮት ሲያዩ ክው አሉ።

"ምን እያደረግህ ነው? ልጁን ብርድ ይመታዋል!"

"ውስጡ ሱፍ ለብሷል እማማ። ሞቆታል። እጅዎን ከአንገቱ ሥር አስገብተው ይዩ።"

"ሱፍ ይሁን ብረት፣ አስገባልኝ! እኛ ልጅ ፀሐይ እናሞቃለን፣ እነዚህ ብርድ ያሞቃሉ! ጠልተው ነው እንዴ የሚወልዱት?"

አስገባሁት። ከአማት ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ የለም። ልጁ ግን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እንኳ አልተኛም፣ ውጭ ሁለት ሰዓት ይተኛ ነበር። ከሳምንት በኋላ ምንም ሳይሉ ራሳቸው ጋሪውን ወደ በረንዳው ሲገፉ አየሁ። ጋቢያቸውን ደርበውበታል፣ ይህን ማንም ኖርዌጂያን አያደርገውም።

መዋዕለ ሕፃናቱ ጋር ስትደርስ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ዝናብ ዘነበ ተብሎ ልጅ ውስጥ አይቀርም። በር ላይ የእያንዳንዱ ልጅ መስቀያ አለ፤ የዝናብ ቱታ፣ የበረዶ ቱታ፣ ቦት ጫማ፣ ተቀያሪ የሱፍ ካልሲ። አንዱ ከጎደለ ወላጅ ማስታወሻ ይደርሰዋል። ልጆቹ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ፣ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ትልልቆቹ ሳሩ ላይ ቁጭ ብለው በእውነተኛ ቢላዋ እንጨት ይቀርፃሉ። ቢላዋ! የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ! አስተማሪዋ አጠገባቸው ናት፣ ሕጉም ግልጽ ነው፦ ቢላዋ የያዘ ቁጭ ይላል፣ ስለቱን ከራሱ አርቆ ይቀርፃል። ስዊድኖች ይህን በ1957 ነው ያደራጁት። ስኩግስሙለ የሚባል የጫካ ተረት ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ትንንሽ ልጆችን እሱ እየመራቸው ጫካ አስለመዱ። "ደማችን ውስጥ ነው" የሚለው ጎልማሳ ይህ ሁሉ እንደተደረገለት አያስታውሰውም። ማን የልጅነት ካልሲውን ያስታውሳል?

ስለ ልብስ አንድ አባባል አላቸው፣ እዚህ አንድ ወር የኖረ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። መጥፎ የአየር ሁኔታ የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ ይላሉ። በእነሱ ቋንቋ ቤት ይመታል፣ ለዚህም ይወዱታል። እኔ ይህን አባባል ስሰማ ኪሴን እዳስሳለሁ። ጥሩ ልብስ ብር ነው። ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። ስኪ፣ ጫማ፣ ከላይ የሚለበሰው፣ ከሥር የሚለበሰው ሱፍ፣ ሦስት ልጅ ላለው የጽዳት ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ለዚህም መልስ ሠርተውለታል። ቡአ የሚባል ድርጅት በየከተማው የስፖርትና የጉዞ ዕቃ ለልጆችና ለወጣቶች በነፃ ያውሳል። ስኪ ትወስዳለህ፣ ትመልሳለህ፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት። ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም፣ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ልቤን ይወስደዋል፤ ፍሪትዮፍ ናንሰን። በ1888 ግሪንላንድን በስኪ አቋርጦ ስኪን የአገሩ ኩራት ያደረገው እሱ ነው። በ1921 ለወጣቶች ንግግር አድርጎ ከከተማው ጫጫታ ወጥተው ጫካና ተራራ ውስጥ ብቻቸውን መሆንን እንዲለማመዱ መክሯል። በዚያው ዓመት ነው የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ያደረገው። አገር አልባ ለሆኑ ስደተኞች ከ1922 ጀምሮ በስሙ የተጠራ ፓስፖርት ተሰጠ፣ የኖቤልን የሰላም ሽልማትም በዚያው ዓመት ወሰደ። ስኪና የስደተኛ ወረቀት በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው፣ ሁለቱንም እዚህ አገር ለተቀበለ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ሰው ፈላስፋው አርነ ኔስ ነው። ሃሊንግስካርቨት የሚባል ተራራ ላይ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቦታ ጎጆ ሠርቶ ለዓመታት እየተመላለሰ ጽፏል። ተፈጥሮ ለሰው ስለጠቀመች ሳይሆን በራሷ ዋጋ አላት የሚለውን ፍልስፍናውን ያበሰለው እዚያ ነው። በ1970 ማርዳልስፎሰን የተባለውን ትልቅ ፏፏቴ ለኤሌክትሪክ ሊገድቡት ሲመጡ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቁጭ አለ። ፖሊስ ተሸክሞ አወጣው። ግድቡ ተሠራ። ዛሬ ውሃው የሚለቀቀው በሰመር፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቱሪስቶች ፎቶ እንዲያነሱ።

ይኸውላችሁ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጎረብጠኝ። ይህ ተፈጥሮ ወዳድ ሕዝብ የነዳጅ አገር ነው። አምስት ሚሊዮን ተኩል ሰው ይዞ ከ400,000 በላይ የመዝናኛ ጎጆ አለው። የድሮው ጎጆ መብራትም ቧንቧም አልነበረውም። የአሁኑ ሳውና፣ የሚሞቅ ወለል፣ እስከ በሩ የሚደርስ የአስፋልት መንገድ አለው። ተራራውን የሚወዱ ሰዎች ተራራውን በፍቅር እየበሉት ነው። የአገሪቱ ቴሌቪዥን ኤንአርኮ በ2024 የሳተላይት ምስሎችን አገላብጦ ተፈጥሮው በየቀኑ እንዴት እየተቆረሰ እንደሆነ ሲያሳይ ብዙ ሰው ደነገጠ። ቅዳሜ ግን መኪናውን ጭኖ ወደ ጎጆው ነዳ።

ከሁሉ የከፋው የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ጉዳይ ነው። የኦስሎ ተጓዥ "ያልተነካ ተፈጥሮ" እያለ ፎቶ የሚያነሳው ሰሜን፣ የሳሚዎች የአጋዘን ግጦሽ ነው። እነሱ ለመዝናናት አይደለም እዚያ ያሉት፣ ቤታቸው ነው። ፎሰን በሚባለው አካባቢ ስቶርሄያና ሮአን የተባሉ ቦታዎች ላይ 151 የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። አረንጓዴ ኃይል ተባለ። እረኞቹ ከሰሱ። በኦክቶበር 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱ የእረኞቹን ባህል የመጠበቅ መብት የጣሰ ስለሆነ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ተርባይኖቹ ግን መሽከርከር አላቆሙም። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ፣ ፍርዱ ከተሰጠ ከ500 ቀናት በኋላ፣ ወጣት ሳሚዎች ኦስሎ መጥተው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በር ዘጉ። አንዳንዶቹ የባህል ልብሳቸውን ለተቃውሞ ገልብጠው ለብሰው ነበር። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፣ ቆይቶም ከእረኞቹ ጋር የካሳና የተለዋጭ ግጦሽ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ተርባይኖቹ ዛሬም ይሽከረከራሉ።

ያን ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ ጉዳዩ "ውስብስብ ነው" ይሉ ነበር። አየር ንብረት አለ፣ መብራት ያስፈልጋል፣ ገንዘቡ ፈሷል። እረኛ የነበረው ጓደኛዬ ግን ሻይ እየጠጣን ነገሩን ስነግረው ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

"ግጦሽ ነው እኮ! ግጦሽ ላይ ማን ይቀልዳል?"

"እነሱ ግን ተፈጥሮ እንወዳለን ነው የሚሉት።"

"ይውደዱ። የሚያውቀው ግን የሚሰማራበት ነው።"

ከዚያ ወዲህ በጫካ ጉዳይ ከሶፋው ላይ የሚሰጠውን አስተያየት በጥሞና ነው የምሰማው። እሱን ጫካ መውሰዴን ግን አልተውኩም። አሁን የያዝኩት ዘዴ ልጆቹን ማሳመን ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሁሉ ሰኞ ሰኞ የሚያወሩት ያንኑ ስለሆነ ብዙ አልተቸገርኩም። ሊወስዳቸው ነው፣ እያጉረመረመ።

ኦስሎ ያላችሁና መጀመር የምትፈልጉ፣ ከስኪ አትጀምሩ። አንድ ቁጥር ባቡርን ይዛችሁ ፍሮግነርሴተረን ውረዱ፣ እዚያው ተንሸራታች ጋሪ ተከራዩና ኮርከትረከረን የሚባለውን ቁልቁለት ውረዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታች ባቡሩ እንደገና ይጠብቃችኋል፣ ይዞ ወደ ላይ ይመልሳችኋል። ልጆች ካሉ ሄልሜት ይኑራቸው፣ መታጠፊያዎቹ ቀልድ አያውቁም። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ፣ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። ሱፍ ይሁን። የሚቀመጡባት ትንሽ የስፖንጅ ምንጣፍ ከማንኛውም ሱፐርማርኬት ይገኛል፣ ያለ እሷ በረዶ ላይ መቀመጥ አይሞከርም። ምግቡ ላይ ግን እነሱን አትስሙ። ደረቅ ዳቦና ቡናማ አይብ ይዘው ነው የሚወጡት። ቆሎ ያዙ፣ ቀረፋ ያለበት ሻይ በፔርሙዝ ያዙ። የጾም ወቅት ከሆነም ችግር የለም። ቅዳሴ አለብን የምትሉ ደግሞ ለሰመር አቆዩት። በጁን ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎም አትጠልቅም፣ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ በልታችሁ፣ ትንሽ ጋደም ብላችሁ ሶንስቫን ሐይቅን ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ሰው "ሃይ ሃይ" ካላችሁ መልሱለት።